ክረምትና የተባይ ደዌ፤ በዳባትና በሰሜን ተራራ ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ዳባት፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደግሞ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ምድሩ በድንገት ይቈረጥና መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ከገደሉ ወዲህ ያለው የወገራ ደጋ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና አተር፥ ተልባም የሚበቅልበት የታወቀ የእህል አገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ በዚሁ በወገራ በኩል ጎንደር ገብቷል (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው፤ ወራቱና ቀናቱ ግን በኢትዮጵያ ነው)። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከተማይቱን ይቀልቡ ከነበሩት አገሮች አንዱ ይህ ደጋ ነበረ።

የእህል አገር የተባይም አገር ነው። ተምች፥ አንበጣ፥ ኩብኩባ፥ ፌንጣ፥ ክሽክሽ፥ ቈራጭ ትል፥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስምና የራሳቸው ወራት አላቸው። ስለ እነዚህ ተባዮች መምጣት የአገራችን ጸሐፊዎችም እንግዶችም ብዙ ተናግረዋል። ስለ መሄዳቸው ግን የሚነገረው አጭር ነው፤ ነፋስ ወሰደው፥ ዝናብ መታው፥ ጸሎት መለሰው ይባላል፥ አለዚያም በአንድ ቃል «ጠፋ» ተብሎ ይታለፋል። ተባይ ራሱ የሚታመም ፍጥረት መሆኑ፥ ደዌውም እንደ ቆላ ንዳድ ወራት ጠብቆ የሚነሣ መሆኑ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ነገሩ የተፈጥሮ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንድ አገር ላይ የወረደ ረኃብ ለምን በዚያ ዓመት ጸና፥ ለምንስ በሌላው ዓመት ተባዩ ታይቶ ሳይገፋ ቀረ ብሎ ለሚጠይቅ የታሪክ ተማሪ ይህ ደዌ ከጦርና ከግብር ባላነሰ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ተባይን የሚገድሉ ደዌዎች ልዩ ልዩ ናቸው፤ ቫይረስም አለ፥ ባክቴሪያም አለ። ክረምትን ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቀው ግን የሻጋታው ወገን፥ በዛሬ አጠራር ፈንገስ የሚባለው ነው። ሌሎቹ ደዌዎች አብዛኛውን ጊዜ ተባዩ ከሚበላው ምግብ ጋር በአፉ ሲገቡ፥ ሻጋታ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። እጅግ ደቃቅ የሆነው ዘሩ፥ ስፖር የሚባለው፥ በተባዩ ገላ ላይ ይወድቃል፤ በዙሪያው ያለው አየር በርጥበት ተሞልቶ ለብዙ ሰዓት ከቆየ ያቈጠቍጣል፤ ቆዳውን በሚያሟሟ ፈሳሽና በግፊት በስቶ ይገባል፤ ከዚያም በደሙ ውስጥ ይራባል። ተባዩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ሬሳው ርጥበት ካገኘ ሻጋታው ከውስጥ ወደ ውጭ ፈንቅሎ እንደ ዱቄት ወይም እንደ ጥጥ ሆኖ ይታያል፥ አዲስ ዘርም ይበትናል። ርጥበት ካጣ ግን ሬሳው ደርቆ ይቀራል፥ ደዌውም ወደ ሌላው ሳይዛመት ይቆማል። እንግዲህ ርጥበት ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ለመግባት፥ አንድ ጊዜ ለመውጣት። ከዚህ በታች የሚተረከው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ላይ የቆመ ነው።

ከሻጋታዎቹም መካከል ሁለት ወገኖችን ለይቶ ማወቅ ይበጃል። በአንደኛው ወገን ነጩ ቦቬሪያና አረንጓዴው ሜታራይዚየም ይገኛሉ። እነዚህ ሙቀት ይወዳሉ፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፋጠናሉ፥ ከ15 ዲግሪ በታች ግን ሥራቸው እጅግ ይዘገያል። ሁለተኛው ወገን ሊቃውንቱ ኤንቶሞፍቶራ የሚሉት ነው። ይህ ቅዝቃዜን ይታገሣል፤ ዘሩን ከሬሳው ላይ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ እየወረወረ በሌሊት ጠል ይበትናል፤ ከእርሱም ወገን ብዙዎቹ በጋው ሲቃረብ ወፍራም ቆዳ ያለው ሌላ ዓይነት ዘር አበጅተው በአፈር ውስጥ ይተኛሉ፥ ክረምት ሲመለስም ይነቃሉ። ፌንጣን የሚገድለው ኤንቶሞፋጋ ግሪሊ ከዚህ ወገን ነው። በእርሱ የተያዘ ፌንጣ ሊሞት ሲል ወደ ሣሩ ወይም ወደ አገዳው ጫፍ ይወጣና ራሱን ወደ ላይ አድርጎ አገዳውን በእግሮቹ እንዳቀፈ ወደ ማታ ገደማ ይሞታል። ሌሊት ጠል ሲወርድ ዘሩ ከዚያ ከፍታ በታች ባሉት ላይ ይረግፋል። ክሽክሽን የሚገድለው ፓንዶራ ደግሞ ሬሳውን በቀጫጭን ክር ከቅጠሉ ጋር ሰፍቶ ያስቀረዋል፤ ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ሰው ክሽክሹን ቡናማ ሆኖ ተጣብቆ ያገኘዋል። ይህን የመሰለ ምልክት ከማሳ ዳር ቆሞ አይታይም። ተባዩ ሲመጣ አገር ያየዋል፤ ሲታመም ግን ጎንበስ ያለ ሰው ብቻ ያየዋል። ታሪክ ስለ ደዌው ዝም ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ይከፍላሉ። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፤ በጋውና ጸደዩ ይከተላሉ። ክረምቱም ራሱ ይከፋፈላል። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለው የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው የመብረቅና የነጐድጓድ፥ የባሕርና የአፍላግ፥ የጠልም ጊዜ ይባላል። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ዕጓለ ቋዓት ይሰኛል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ያለው የጎሕና የጽባሕ ነው። ይህ አከፋፈል የተሠራው ለመዝሙርና ለምንባብ እንጂ ለእርሻ ምርምር አይደለም። ቢሆንም በደጋው ላይ የሚወርደውን ርጥበት ከዚህ የበለጠ በጥንቃቄ የቈረሰ አቈጣጠር በቀላሉ አይገኝም። በመጀመሪያው ክፍል አፈሩ ይርሳል፥ የተኛው የሻጋታ ዘርም ይነቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደመናው ቀኑን ሙሉ ስለማይገፈፍ ሻጋታው ለመግባትም ለመውጣትም ርጥበት ያገኛል፤ የደዌው ሙላት በዚህ ጊዜ ነው። በአራተኛው ፀሐይ ትወጣለች፥ ርጥበቱም ከቀን ወደ ሌሊት ይሸሻል። በተለይ ጠል ከዝናብ ተለይቶ መጠራቱ ለዚህ ነገር ዋጋ አለው። ዝናብ ካቆመ በኋላም እንኳ ጠል በቅጠል ላይ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ፥ ቅዝቃዜን ለሚታገሠው ሻጋታ ትንሽ ሌሊታዊ ክረምት ይሆንለታል።

አሁን ተባዮቹን በዚሁ አቈጣጠር ላይ እናስቀምጣቸው። ተምች ቀድሞ ይመጣል። የእሳት ራት መሳይ እናቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ደቡብና በጎረቤት አገሮች ትራባና ከነፋስ ጋር ወደ ሰሜን ትጓዛለች፤ በሰኔና በሐምሌ የሰሜኑን ደጋ ታገኛለች። ተምች ከዝናብ ጋር ከሰማይ ወረደ የሚለው አነጋገር በብዙ አገር ይሰማል፥ ከእውነትም የራቀ አይደለም፤ የዝናብ ማዕበል የሚያስነሣው ነፋስ በራሪዎቹን ወደ አንድ ስፍራ ሰብስቦ ያወርዳቸዋል፥ እንቁላላቸውንም በዚያው ይጥላሉ። ትሉ የሚበላበት ዕድሜ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አፈር ይገባል። ደዌው አንዱን ትል ለመግደልና ወደ ሌላው ለመዛመት የሚፈጅበት ቀን ሲታሰብ፥ ተምች ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ያመልጣል። ገብሱም በዚያ ጊዜ ገና ቡቃያ ነው።

የክሽክሽ ነገር ሌላ ነው። ክሽክሽ የሚበረታው ዝናብ ሲዘገይ ወይም በመካከል ሲቋረጥ ነው፤ ብዛቱም ሲጨምር እርስ በርሱ ተደራርቦ ስለሚቀመጥ ደዌው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛመት አይቸገርም። ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንደ ደንቡ በዘነበ ዓመት ከፊሉን ዝናቡ አራግፎ ይጥለዋል፥ ከፊሉን ሻጋታው ይጨርሰዋል፤ አተሩም ገብሱም ማንም ልብ ሳይለው ይተርፋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ገብስ ላይ የታየውና የሩሲያ ስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ዓይነት አጥፊነቱ ዝናብ ባነሰበት አገርና ዓመት የጸና መሆኑ ከዚሁ ጋር ይስማማል። እርሱ ደግሞ ቅጠሉን እንደ ጥቅል አድርጎ በውስጡ ስለሚሸሸግ ዝናብም መርዝም በቀላሉ አያገኘውም።

ፌንጣ ከዝናቡ ጋር ይፈለፈላል፥ በክረምቱ ያድጋል፥ በመስከረምና በጥቅምት ክንፍ አውጥቶ ዛላውን ይይዛል። በቆላ የተራባው የበረሃ አንበጣም በአብዛኛው ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሰብሉ ሲያሽት፥ ደመናውም ሲገፈፍ ማለት ነው። ጠሉ አለ፤ ነገር ግን በዳባትና በደባርቅ የጥቅምት ሌሊት ብርዱ ይጠናል፥ ሙቀት ወዳዱ ሻጋታም ይደነዝዛል። ቀን ደግሞ አንበጣው ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ገላውን ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ በዚህ ሙቀት ሻጋታው በደሙ ውስጥ መራባት ይሳነዋል። የታመመ አንበጣ ከጤነኛው ይልቅ ፀሐይ ይሻል፤ ሰው በትኩሳት የሚያደርገውን እርሱ ፀሐይ በመሞቅ ያደርገዋል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። ሰብል አጥፊዎቹ ትልልቅ ተባዮች የክረምቱን ሁለት ጫፍ ይዘዋል፤ የደዌው ሙላት ደግሞ መካከሉን ይዟል። ተምች ደዌው ሳይደርስበት ያልፋል፥ አንበጣም ደዌው ካለፈ በኋላ ይመጣል። በጊዜው የሚያዙት በመካከል የሚኖሩት፥ ክሽክሽና ገና ክንፍ ያላወጣው ፌንጣ ናቸው።

ይህን ይዞ የቆየውን ጽሑፍ ማንበብ ብዙ ነገር ያሳያል። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አንበጣ ጥፋት በሰፊው ጽፏል። በድባርዋ አንበጣ በወረደ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ስለ ለመኑት ከባልንጀሮቹና ከካህናቱ ጋር ምህላ ወጣ፤ አንበጣው አገሩን ለቆ እንዲሄድ ገዝቶ፥ ጥቂቶቹን ይዞ ግዝቱን ካሰማቸው በኋላ ለቀቃቸው። ከዚያም አንበጣው ወደ ባሕር አቅጣጫ መሄድ ሲጀምር ከባሕር በኩል ታላቅ ነጐድጓድ፥ ዝናብና በረዶ መጥቶ ፈጀው፤ ሬሳውም በወንዞቹ ዳር ተከመረ ይላል። አልቫሬዝ ያየው የማዕበል ሞት እንጂ የደዌ ሞት አይደለም። ነገር ግን ታሪኩ የተባይ ሞት በምን መልክ ሲሆን እንደሚጻፍ ያሳያል፤ በአንድ ቀን፥ በሕዝብ ፊት፥ ከምህላ በኋላ ሲሆን ይጻፋል። ደዌው ግን በሳምንታት፥ በቅጠል ሥር፥ ያለ ድምፅ የሚሠራ ስለ ሆነ ጸሐፊ አያገኝም። በነሐሴ ምህላ ተይዞ በጳጉሜን ፌንጣው ቢቀንስ፥ ጸሎቱ ተሰማ የሚለው ባላገር አንዳች የተሳሳተ ነገር አላየም፤ የለመነው ዝናብና ጠል መጥቶለት ነበርና።

በክፉ ቀን ዘመን የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. በድርቡሽ ተቃጠለች። ከዚያ በፊት በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት በሬውን ፈጀ፤ ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ረኃብም ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተከታትለው መጡ። የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን መቅሠፍቶች አንዱን ከሌላው ቀጥለው ይዘረዝሯቸዋል፥ ልክ በነቢዩ ኢዩኤል መጽሐፍ ተምች፥ አንበጣ፥ ደጎብያና ኩብኩባ እንደሚከታተሉት። ነገር ግን መቅሠፍቶቹ በአጋጣሚ የተሰለፉ አይደሉም። ድርቅ እህሉን ብቻ አይጎዳም፤ የተባዩን ጠላትም ያስርበዋል። ሻጋታው ርጥበት አጥቶ ዘሩን ሳይበትን አንድ ክረምት ካለፈ፥ በሚቀጥለው ዓመት ተባዩን የሚቀበለው ደዌ ጥቂት ነው። የተምች መዓት ከድርቅ በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ መሆኑ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነው። የዚያን ዘመን ረኃብ በሻጋታ ማነስ መተርጐም ቀልድ ይሆናል፤ በሬ ያለቀበት አገር ያለ ተባይም ይራባል። ድርቁና ተምቹ ግን ሁለት መቅሠፍት ተብለው ከሚቈጠሩ አንዱ የሌላውን በር ከፈተ ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል።

ሰው ይህን ደዌ በእጁ አድርጎ በወደደው ጊዜ ሊያስነሣው የሞከረበት ታሪክ በአውሮፓ ይጀምራል። ኢጣሊያዊው አጎስቲኖ ባሲ በ1835 የሐር ትልን የሚፈጀው ነጭ ደዌ ከሻጋታ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ፤ ቦቬሪያ ባሲያና የሚለው ስም የእርሱ መታሰቢያ ነው። በ1879 ኤልያስ ሜችኒኮፍ በኦዴሳ አካባቢ የስንዴን ጢንዚዛ የሚገድለውን አረንጓዴ ሻጋታ አገኘ። በ1884 ክራሲልሽቺክ በኪየቭ አጠገብ በስሜላ ሻጋታውን በፋብሪካ አራብቶ 55 ኪሎ ግራም ዘር አወጣ። በ1890ዎቹ በደቡብ አፍሪካ በግራሃምስታውን የነበረው የባክቴሪያ ምርምር ቤት የአንበጣ ሻጋታ የተባለውን በብልቃጥ እያደረገ ለገበሬዎች አደለ፤ አንዳንዱ ሠራ አለ፥ አንዳንዱ አልሠራም አለ፤ በ1901 እንግሊዛዊው ጆርጅ ማሲ ሻጋታውን መርምሮ ሙኮር ከሚባለው ወገን ውስጥ አስገባው። የሙኮር ወገን በአብዛኛው በበሰበሰና በሞተ ነገር ላይ የሚበቅል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለወገራ ነገር ትምህርት ያለው በአሜሪካ በካንሳስ የተደረገው ነው። ፍራንሲስ ስኖው የተባለው የዩኒቨርሲቲ ሰው ከ1888 ጀምሮ ቺንች ባግ የሚባለውን የስንዴና የበቆሎ ተባይ በሻጋታ ለማጥፋት የታመሙ ተባዮችን በጥቅል እያደረገ በሺህ ለሚቈጠሩ ገበሬዎች ላከ። ዝናብ በጣለበት ዓመት ምስጋና ጐረፈለት፤ ደረቅ ዓመት ሲመጣ ሥራው ከንቱ ሆነ። በ1911 ቢሊንግስና ግሌን ነገሩን እንደገና መርምረው ሻጋታው ቀድሞም በማሳው ሁሉ የነበረ መሆኑን፥ ተባዩን የፈጀውም የአየሩ ርጥበት እንጂ የተላከው ጥቅል አለመሆኑን አስረዱ። የጐደለው ሻጋታ አልነበረም፥ ወራቱ ነበረ። ይህ ውጤት ብዙዎችን ተስፋ አስቈርጦ ለብዙ ዘመን ምርምሩን አቀዝቅዞታል፤ በእውነቱ ግን ስለ ደዌው ከተነገሩት ሁሉ የሚበልጠው ግኝት ይህ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘመኑ የመርዝ ዘመን ሆነ። በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጽሑፎች ይናገራሉ፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበር። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ተመሠረተ፤ አውሮፕላንና ዲልድሪን የመሰለ ጽኑ መርዝ ሥራውን ያዙ። ዲልድሪን በአፈርና በእንስሳት ገላ ውስጥ ለዘመናት የሚቆይ ሆኖ ስለ ተገኘ በኋላ ተከለከለ። መርዝ ወራት አይጠብቅም፤ ብርታቱ ይህ ነው። ተባዩንና የተባዩን ጠላት፥ ንቡንም ሳይለይ መግደሉ ደግሞ ዕዳው ነው።

ዲልድሪን ሲከለከል ነገሩ እንደገና ወደ ሻጋታው ተመለሰ። ከ1989 እስከ 2002 የቆየው ሉቢሎሳ የተባለ የምርምር ሥራ በኒጀር በ1988 ከታመመ ፌንጣ የተገኘውን ሜታራይዚየም አራብቶ አረንጓዴ ጡንቻ የሚል ስም ያለው መድኃኒት አደረገው። የሥራው ቁልፍ ሻጋታው ራሱ አልነበረም፥ ዘይት ነበረ። ዘሩ በውሃ ፈንታ በዘይት ሲበጠበጥ ከአንበጣው ቆዳ ጋር ይጣበቃል፥ አየሩ ደረቅ ቢሆንም ሊበሳ ይችላል። ዘይቱ ከሁለቱ ርጥበቶች የመጀመሪያውን፥ የመግቢያውን፥ ተካ ማለት ነው። ሁለተኛውን ግን አልተካም፤ ሬሳው አዲስ ዘር እንዲበትን አሁንም ርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ በደረቅ ወራት የተረጨ ሻጋታ የነካውን ይገድላል እንጂ እንደ ወረርሽኝ ራሱን እያዛመተ አይሄድም። የሚገድለውም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ከ2019 ጀምሮ የተነሣው የበረሃ አንበጣ ይህን ሁሉ ለፈተና አቀረበው። እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በተደረገው ግምገማ በኢትዮጵያ 200,000 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ተጎድቷል፥ ከ356,000 ቶን በላይ እህልም ጠፍቷል። ሶማሊያ በ2020 ሜታራይዚየምን በሰፊው ረጨች፤ በኢትዮጵያ ግን የሥራው ዋና ክፍል በኬሚካል መርዝ ተካሄደ። ይህን መንቀፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ጥቅምት ላይ የደረሰ መንጋ በደረሰ ጤፍና ስንዴ ላይ ሲያርፍ ሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ገበሬ የለም፤ የደጋው ብርድም ያንን ሁለት ሳምንት ያረዝመዋል። ሻጋታው የሚረባው መንጋው ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት፥ በቆላ ገና ኩብኩባ ሳለ፥ ሙቀትም ባለበት ነው። ወገራን ከአንበጣ የሚጠብቀው መድኃኒት ወገራ ላይ ሳይሆን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በአፋርና በሱዳን ሜዳ ላይ በነሐሴ መረጨት ያለበት ይሆናል።

በራሱ በሰሜን ተራራ ግርጌ ውስጥም ቢሆን ወራቱ አንድ አይደለም። ከደባርቅ አፋፍ እስከ አዲ አርቃይ ድረስ ምድሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፥ የአንድ ቀን መንገድ የማይሞላው ቍልቍለት አንዱን የሻጋታ ወገን ከሌላው ይለያል። ከላይ በብርዱ ኤንቶሞፍቶራ፥ ከታች በሙቀቱ ሜታራይዚየምና ቦቬሪያ ይመቻቸዋል። በአምቦ የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማእከል ከአገር ውስጥ የተሰበሰቡ የቦቬሪያና የሜታራይዚየም ዓይነቶች በአገዳ ቆርቁርና በሌሎች ተባዮች ላይ ተፈትነዋል፤ እነዚህም የቆላውና የወይና ደጋው ወገን ናቸው። ባላገሩ መሬቱን ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ ብሎ መክፈሉ ለዘሩ ብቻ ሳይሆን ለደዌውም የሚሠራ ነው።

የቀረው ነገር ስለ ዋግ ነው። እህልን የሚያጠፋው ዋግም ሻጋታ ነው፥ ተባይን የሚያጠፋውም ሻጋታ ነው፤ ሁለቱም የሚወዱት ያንኑ ደመናና ያንኑ ጠል ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ስንዴ በጎዳ ጊዜ ዘመኑ ዝናም የበዛበት ነበር። ርጥብ ዓመት ክሽክሹን ሲያሳንስ ዋጉን ያበረታል፤ ደረቅ ዓመት ዋጉን ሲያሳንስ ክሽክሹን ያበረታል። ከዚህ የተነሣ ወገራ ሙሉ በሙሉ ጥሩ የሚባል ክረምት አያውቅም።

ዛሬ ግን በዚህ መካከል ሦስተኛ ነገር ገብቷል። ድንች በዚህ አገር እንግዳ ተክል ነው፤ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በትግሬና በሰሜን የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር በ1858 እንዳስገባው ይነገራል። አሁን በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሰፊ ስፍራ ይዟል። የድንችን ቅጠል የሚያከስለው ደዌ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ስለ ሆነ፥ የሻጋታ መድኃኒት የሚረጨውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ይህም ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 27 ያሉት 39 ቀናት፥ የተባዩ ደዌ የሚሞላባቸው መሆናቸው ነው። በአሜሪካ በሚኔሶታ በድንች እርሻ ላይ የተደረገ ምርምር በ1998 እንዳሳየው፥ ለድንቹ ደዌ የሚረጩት አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ክሽክሽን የሚገድለውን ሻጋታ አብረው ይገድላሉ፥ በተረጨውም ማሳ ክሽክሹ ይበዛል። ክሽክሹ የበዛበት ገበሬ ደግሞ የተባይ መርዝ ይገዛል። በአንድ እርሻ ላይ በሐምሌ የተገዛው የመጀመሪያው ብልቃጥ በነሐሴ የሚገዛውን ሁለተኛውን ብልቃጥ ይጠራዋል፤ በአጥሩ ሥር ያለው የንብ ቀፎም የሁለተኛውን ዋጋ ይከፍላል።